«ልጅ ምን ጭንቀት አለበት?» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በሐዋሳ ወላጆች ስልክ ላይ የሚዘዋወር አንድ ጽሑፍ አለ። እኔም ጋ ደጋግሞ ደርሷል። አንዲት የተማሪዬ እናት «መምህር፣ ይሄን ያንብቡልኝ፤ ሰውየው የልቤን ነው የጻፉት» ብለው ላኩልኝ። አነበብኩት። ዝም ብዬ ላልፈው ግን አልቻልኩም።

ላላነበባችሁት ፍሬ ሐሳቡን ላስቀምጥ። የልጆች የአእምሮ ጤና የሚባለው ከውጭ የመጣ ወሬ ነው ይላል። ልጅ ኪራይ አይከፍል፣ ዘይት አይገዛ፣ ምን ያስጨንቀዋል? እኛ ተገርፈን አደግን፣ ምንም አልሆንን። ስለ ስሜቱ አጥብቆ መጠየቅ ያልነበረውን ሐሳብ ጭንቅላቱ ውስጥ መክተት ነው። የዛሬ ልጅ በሽታው ስልክ ነው፤ ቀሙት፣ ይድናል። ትምህርት የጠላ ልጅ ሰንፎ ነው። ከዚህ ካለፈ ጸሎትና ጠበል አለ፤ ሐኪም ዘንድ መውሰድ ግን ልጁን ስም ማሰጠት ነው።

ጸሐፊው በቅንነት እንደጻፉት አልጠራጠርም። አማርኛቸው ያምራል። እውነት ያላቸው ቦታም አለ፤ እሱን ስደርስበት እናገራለሁ። ነገር ግን ምክሮቻቸው ሁሉ ዞረው ዞረው የሚገቡት አንድ ቦታ ነው፦ ልጁን ዝም ማሰኘት። ዝም ያለውን ልጅ ደግሞ ደህና ልጅ አድርገው ቆጥረውታል። የማልስማማው እዚህ ላይ ነው።

ከመጀመሪያው ልነሳ። ልጅ ኪራይ አይከፍልም፣ እውነት ነው። ግን አከራይዋ በር ስታንኳኳ «የለችም በላት» ተብሎ የሚላከው እሱ ነው። ዘይትም አይገዛም። ዘይት ባለቀ ቀን ማታ እናትና አባቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲጨቃጨቁ ግን ብርድ ልብስ ተከናንቦ ይሰማል። ተኝቷል ብለን ነው እኛ የምናወራው። አዋቂ ሥራው ቢመረው ይለቃል፤ መልቀቅ ባይችል እንኳን ቡና ላይ ተቀምጦ አለቃውን ያማል፣ ይቀለዋል። ልጅ ክፍል መቀየር አይችልም። ቤት መቀየር አይችልም። የሚሰማውን በቃል ማውጣትም ገና አልተማረም።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉት ከሰባቱ አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር እንዳለበት ይገምታል። ከአእምሮ ሕመሞች ሲሶ ያህሉ የሚጀምሩትም ከ14 ዓመት በፊት ነው። አስራ አራት ዓመት ማለት የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ልጅ ነው። የእኔ ተማሪ ማለት ነው። ይሄ የዓለም ግምት እንጂ የከተማችን ቆጠራ አይደለም። ቢሆንም ልጅ በተጨናነቀበት ክፍል ቆሞ ለሚያስተምር ሰው እንግዳ አይሆንበትም።

አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበረኝ። ሰኞ ሰኞ ሆዱን ያመዋል። ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ፊቱ አመድ ይመስላል፣ ዴስኩ ላይ ይደፋል። አባቱ ባጃጅ ነጂ ናቸው፤ ሥራቸውን ጥለው ይመጣሉ፣ ይወስዱታል። አንዱ ክሊኒክ ጃርዲያ ነው አለ። ሌላው ታይፎይድ ነው አለ። (በእኛ አገር ላብራቶሪ ገብቶ ታይፎይድ የለብህም ተብሎ የወጣ ሰው ካለ ባገኘው ደስ ይለኛል።) መድኃኒቱን ጨረሰ። ሰኞ መጣ፣ ሆዱም ተመለሰ። ነገሩን የነቃችበት ሐኪም አይደለም፤ አያቱ ናት። ክረምቱን ሙሉ ደህና ሆኖ መስከረም ላይ ሲጀምረው «ይሄ በሽታ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል እንዴ?» አለች።

ሲጣራ መንገድ ላይ የሚጠብቁት ትልልቅ ልጆች ነበሩ። አባቱ የሳምንቱን የምሳ ገንዘብ የሚሰጡት ሰኞ ጠዋት ነው። ልጆቹም ይህን ያውቃሉ።

ይህ ልጅ አላስመሰለም። ሆዱ የእውነት ያመው ነበር። ሰው ሲሰጋ ሰውነቱ ለሩጫ ወይም ለጠብ ይዘጋጃል፤ ልብ ይመታል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ ሆድ ይታወካል። ስጋቱ በየሳምንቱ ከተመላለሰ ሕመሙም ይመላለሳል። ስለዚህ ጸሐፊው «ልጅ ቢጨነቅ ይናገር ነበር» ሲሉ፣ ልጁ ተናግሯል እላቸዋለሁ። የተናገረው በሆዱ ነው።

ትንንሾቹም እንዲሁ ናቸው። አልጋ ላይ መሽናት ትቶ የነበረው እንደገና ይጀምራል። ከእናቱ ቀሚስ አልላቀቅ ይላል። ሌሊት ይባንናል። ከፍ ያሉት ላይ ደግሞ ሐዘን እንደ ሐዘን አይታይም፤ ብዙ ጊዜ ብስጭት ሆኖ ይወጣል። ጎረምሳው በር በኃይል ይዘጋል፣ «ተዉኝ» ይላል፣ ከሚወደው ኳስ ይቀራል። ወላጅ «ባለጌ ሆነብኝ» ይላል። አንድ ቀን የተኮሳተረ ሁሉ ታሟል እያልኩ አይደለም። ለውጡ ሁለት ሳምንት አልፎ፣ እንቅልፉን ወይም ምግቡን፣ ትምህርቱን ወይም ጓደኝነቱን ከነካ ግን ጠጋ ብሎ ማየት ይገባል።

ወደ ዱላው ልምጣ። ጸሐፊው «ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» የሚለውን ተረት ጠቅሰው፣ ተገርፈን አደግን፣ ምን ሆንን ብለዋል።

እኔም ተገርፌ ነው ያደግኩት። በርበሬ የታጠኑ አብሮ አደጎችም አሉኝ። ግን ጸሐፊው ስለዚያ ዘመን ሲያወሩ አንድ ሰው ረስተዋል፤ ገላጋይ። ያኔ እናት ልጇን ስትገርፍ ጎረቤት ትሰማለች። «ኧረ ስለ ገብርኤል! በኔ ሞት ተይው!» እያለች ነጠላዋን ሳታስተካክል ትገባለች። ልጁን ከመሃል ታወጣዋለች። ቤቷ ወስዳ ፊቱን ታጥበዋለች፣ ከምሳ የተረፈውን እንጀራ ታጎርሰዋለች። አመሻሽ ላይ ራሷ ይዛው ትመጣለች፤ እናትየውንም «አንቺም አበዛሽው» ብላ ትመክራለች። ያ ልጅ በዚያን ቀን ዱላ ብቻ አልቀመሰም። የሚሸሽበት ሰው እንዳለውም አይቷል። እኛን ያቆመን እሱ ይመስለኛል።

አሁንስ? ኮንዶሚኒየሙ በሩ ብረት ነው። የግቢው አጥር ግንብ ነው፣ ጫፉ ላይ ሽቦ አለው። ልጅ ሲጮህ የሰማ ጎረቤት «የሰው ቤት ጉዳይ ነው» ብሎ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ይጨምራል። ዱላውን ከድሮው ዘመን ይዘን መጣን፣ ገላጋዩን እዚያው ትተነው። ስለዚህ «እኛም እንዲሁ አደግን» የሚለው ንጽጽር አይሠራም። እንዲሁ አይደለም ያደግነው።

«ምን ሆንን?» ለሚለውም መልሱ ያን ያህል አያኮራም። ስንቶቻችን ነን ዛሬም አባታችን ስልክ ሲደውሉ የምንደነግጠው? ስንቶቻችን ነን የከፋንን ለሰው መንገር አቅቶን በጫትና በድራፍት የምናስታምመው?

ጥናትም ይኸው ነው የሚለው። ኤልዛቤት ገርሾፍና አንድሪው ግሮጋን ኬይለር እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ሥራ የሃምሳ ዓመት ጥናቶችን ሰብስበው ከ160 ሺህ በላይ የሆኑ ልጆችን መረጃ አይተዋል። ያዩት አጥንት የሚሰብረውን ድብደባ አይደለም። ብዙዎቻችን «ይሄማ ምንም አይደል» የምንለውን፣ በመዳፍ መቀመጫ ላይ መምታትን ነው። የተመቱት ልጆች ዘንድ ጠበኝነት፣ የአእምሮ ጤና ችግርና ከወላጅ ጋር አለመግባባት በዝቶ ተገኝቷል። ይበልጥ ታዛዥ ሆኑ የሚል ግን አልተገኘም። ይህ አብሮ መታየትን ነው የሚያሳየው፤ የሁሉም ችግር ምክንያት ዱላ ብቻ ነው አያሰኝም። ዱላ ይጠቅማል ለሚል ሰው ግን ምንም የሚይዘው ነገር አይተውለትም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ደንግጓል። እኛ መምህራን ያለ አለንጋ ክፍል መምራት ከተጠበቀብን፣ ሁለት ሦስት ልጅ ያለው ቤት አይከብደውም።

ልጅ ልቅ ይሁን ማለቴ አይደለም። ልጅ ወሰን ሲኖረው ነው ደህንነት የሚሰማው። የጎረቤት መስኮት በኳስ የሰበረ ልጅ ራሱ ሄዶ በሩን ያንኳኳ፣ ይቅርታ ይጠይቅ፣ ለበዓል ከተሰጠው ገንዘብም ያዋጣ። ይሄ ከዱላ ይከብዳል፤ ልጆቹን ጠይቋቸው፣ ዱላውን ይመርጣሉ። ዱላ የሚያስተምረው በሚቀጥለው ጊዜ አለመያዝን ነው።

«የፈረንጅ ነገር ነው» ለሚለው ብዙ አልቆይበትም። የልጅና የወላጅ ቁርኝት ለልጁ ኋለኛ ሕይወት መሠረት ነው የሚለውን ሐሳብ ካዳበሩት ዋነኛ ተመራማሪዎች አንዷ ሜሪ ኤይንስዎርዝ ናቸው። በዚህ ላይ ከሠሯቸው ቀደምት ጥናቶች አንዱን የሠሩት በ1950ዎቹ አጋማሽ፣ እ.ኤ.አ.፣ ኡጋንዳ ውስጥ ነው። ካምፓላ አካባቢ ባሉ መንደሮች 26 ቤተሰቦችን ቤት ድረስ እየሄዱ እናቶቹ ልጆቻቸውን እንዴት እንደሚይዙ ተመለከቱ። ሐሳቡ ሲዳብር አፍሪካውያን እናቶችም ታይተዋል ማለት ነው። እዚሁ ሐዋሳም የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጫምባላላ ሲደርስ ልጆች ከቤት ቤት እየዞሩ «አይዴ ጫምባላላ» ይላሉ፤ ጎረቤት ከእንሰትና ከቅቤ የሚሠራውን ቡርሳሜ አቅርቦ ያበላቸዋል። ዩኔስኮ በ2015 እ.ኤ.አ. የመዘገበው በዓል ነው። ልጁ የእናቱና የአባቱ ብቻ እንዳልሆነ በዓመት አንድ ቀን በግልጽ ይነገረዋል። ባህላችንን እንጥቀስ ካልን ይሄንንም እንጥቀስ እንጂ፣ ለምን አለንጋው ብቻ ትዝ ይለናል?

አሁን ከሁሉም የሚያሳስበኝ ነጥብ ላይ ደርሻለሁ። ጸሐፊው ስለ ስሜቱ አትጠይቁት፣ በተለይ ስለ ሞት ካወራ ርዕሱን ቀይሩ፣ ከጠየቃችሁት ሐሳቡን ትተክሉበታላችሁ ብለዋል።

ይህ ስህተት ብቻ አይደለም፤ አደገኛ ነው። ራስን ስለ ማጥፋት ሐሳብ መጠየቅ ሐሳቡን እንደማይፈጥር፣ በተደጋጋሚ ተጠንቶ ታውቋል። የዓለም ጤና ድርጅትም ለጤና ባለሙያዎችም ለቤተሰብም የሚመክረው በግልጽ እንዲጠይቁ ነው። ሐሳቡ ያለበት ልጅ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ ሸክሙ ይቀለዋል፤ ለብቻው ይዞት የነበረውን አንድ ሰው አብሮት ያዘለት። ሐሳቡ የሌለበት ልጅ ደግሞ «ኧረ የለም» ብሎ ያልፋል። በዓለም ላይ ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉት ዘንድ ለሞት ምክንያት ከሚሆኑት ሦስተኛው ራስን ማጥፋት መሆኑን ደግሞ ልብ እንበል።

እና ልጃችሁ «እኔ ብሞት ይሻላል» ካለ፣ «አፍህን ቁረጥ!» አትበሉት። ስለ ኃጢአቱም ወዲያው አትስበኩት። ቁጭ በሉና ጠይቁ፦ «መሞት እየፈለግክ ነው? እንዴት ብለህ እንደምታደርገው አስበሃል?» አፍ ላይ ይከብዳል፣ አውቃለሁ። መልሱን እስከ መጨረሻው ስሙት። አስቤአለሁ ካለ ብቻውን አትተዉት። ቤት ውስጥ ያለ መድኃኒትና የተባይ መርዝ ተቆልፎበት ይቀመጥ። በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ውሰዱት፤ ነገ አይባልም።

ነገሩ እዚያ ከመድረሱ በፊት ያለው ዕለታዊ ጨዋታ ግን ይበልጣል። ብዙ ወላጅ «ስጠይቀው አይነግረኝም» ይለኛል። እንዴት ነው የሚጠየቀው? ከሥራ የደከመ አባት ሶፋ ላይ ተቀምጦ፣ ልጁን ፊት ለፊት አቁሞ፣ «ምን ሆነሃል?» ይላል። «ምንም።» «ምንም ማለት ምንድነው?» በዚያው ቀረ። ይሄ ምርመራ ነው። ፖሊስ ጣቢያም እንዲሁ ነው የሚጠየቀው።

አንድ ጓደኛዬ እሑድ እሑድ ሴት ልጁን ይዞ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ሊገዛ ይሄዳል። ጎን ለጎን ናቸው፤ ዓይን ለዓይን አይተያዩም። አንድ እሑድ ዓሣው እስኪበለትላቸው ቆመው፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አንጀት እስኪወረወርላቸው እግራቸው ሥር ተገትረው፣ እንዲህ ተባባሉ።

«ያቺ ጓደኛሽ ሰሞኑን አትታይም።»

«ተጣላን።»

«እህ።»

ሌላ አልጨመረም። ዝም ብሎ ዓሣውን ያያል። ትንሽ ቆይታ ልጅቷ ራሷ ቀጠለች።

«ፎቶዬን ለክፍሉ ልጅ ሁሉ ላከችው። ስተኛ ያነሳችኝን። ሁሉም እየሳቀብኝ ነው።»

«ይሄማ በጣም ያማል። ምን ላድርግልሽ?»

«ምንም አታድርግ አባዬ። ዝም ብለህ ስማኝ።»

ሰማት። ደሙ እየፈላ፣ ለጓደኛዋ ወላጆች ለመደወል እጁ እየበላው፣ ሰማት። በማግስቱ ራሷ «አንተ ብትመጣ ይሻላል» አለችው፤ አብረው ወደ ክፍል ኃላፊዋ መጡ። ለመምጣት የወሰነችው እሷ መሆኗ ትልቅ ነገር ነው።

ሁሉም ወላጅ እሑድን በነፃነት አያገኝም። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ በሺፍት የሚሠሩ እናቶች አሉ፤ ልጁ ሲተኛ ይወጣሉ፣ ሲነቃ ይተኛሉ። እነሱን «ጊዜ ስጡ» ብሎ መገሠጽ ግፍ ነው። ግን ሽንኩርት እየላጡ፣ ፀጉር እየሠሩ፣ ባጃጅ ውስጥ ተጠጋግቶ ተቀምጦም ይወራል። የሚያስፈልገው ረጅም ሰዓት አይደለም፤ ልጁ የተናገረው ነገር ተመልሶ መምቻ እንደማይሆንበት ማወቁ ነው። ዛሬ የነገራችሁን ነገ ለአክስቱ እየሳቃችሁ ካወራችሁበት አልቋል፤ ሁለተኛ አይነግራችሁም። «እኔ በአንተ ዕድሜ እኮ» ብሎ የሚጀምር ዓረፍተ ነገርም ብዙውን ጊዜ በር ይዘጋል።

ስለ ስልክ ግማሽ እውነት አላቸው። ሌሊቱን ቲክቶክ ላይ ያደረ ልጅ ጠዋት ይነጫነጫል፣ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት፤ ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለው ደግሞ ከ9 እስከ 12 ሰዓት። ስልክ ማታ ከመኝታ ክፍል ይውጣ ቢሉ ኖሮ አብሬያቸው እፈርም ነበር። የወላጅም ስልክ ጭምር፣ ሳሎን ቻርጅ ላይ ይደር።

እሳቸው ግን ያሉት ቀሙት ነው። መቀማት አንድ መዘዝ አለው። አንድ የማታውቀው ሰው በፎቶ የሚያስፈራራት ልጅ አለች እንበል። ለእናቷ ብትነግር መጀመሪያ የሚሆነው ስልኳ መወሰዱ እንደሆነ ታውቃለች። ስለዚህ አትነግርም። አስፈራሪው የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። «ምንም ቢያጋጥምሽ ንገሪኝ፤ በዚያ ምክንያት ስልክሽን አልወስድም» ብሎ ቀድሞ ቃል መግባት ከመቀማት የተሻለ ይጠብቃታል።

ስንፍና የተባለውንም እንየው። ውጤቱ በድንገት የወረደ ልጅ ካላችሁ መጀመሪያ ዓይኑንና ጆሮውን አስመርምሩ። ስቀልድ አይደለም፤ ሰሌዳው ስለማይታየው ብቻ «ደደብ» የተባለ ልጅ ብዙ ነው። እሱ ደህና ከሆነ እንቅልፉን እዩ፣ ከዚያ ስሜቱን። ድብርት ትኩረትንና የማስታወስ አቅምን ያዳክማል። መጽሐፉን ከፍቶ አንድ ገጽ ላይ አንድ ሰዓት የሚቀመጥ ልጅ ሰነፍ ላይሆን ይችላል።

ፈተናው ራሱም አለ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ። ከመቶ ዘጠና ሰባት ያህሉ ሰንፎ ነው ልንል ነው? ይህን ያህል ልጅ በአንድ ቀን «ወድቀሃል» ሲባል ቤት ውስጥ የሚጠብቀው ቃል ወሳኝ ነው። «የእነ እከሌን ልጅ አታይም?» የሚለው ቃል እኔ እስከማውቀው ማንንም አላስጠናም። ውጤት በሚወጣበት ሰሞን ልጃችሁን ከምንጊዜውም ይልቅ አትራቁት። ቁጣው ለአንድ ሳምንት ቢዘገይ ምንም አይጎድልም፤ ድጋሚ መፈተንም፣ ሙያ መማርም ሁሉም በኋላ ይወራል።

የመጨረሻው ጠበልና ሐኪም ነው። እዚህ ላይ የምከራከረው ከእምነት ጋር አይደለም። ጸሎት፣ ዱዓ፣ የንስሐ አባት፣ ለብዙ ቤተሰብ ትልቁ ጉልበት ነው። ሰው ብቻውን እንዳልሆነ የሚሰማውም እዚያ ነው። ጥያቄዬ ለምን አንዱን ለመያዝ ሌላውን መጣል አስፈለገ የሚል ነው። ልጅ እጁ ሲሰበር ጸልየን ወጌሻ ወይም ሐኪም ዘንድ እንወስደዋለን፤ ማንም እምነት ጎደለህ አይለንም። ጠበል እየተጠመቀ ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት መውሰድም ይችላል። ክፉ የሚሆነው መድኃኒቱን ጣል ሲባል ነው፣ ወይም የታመመ ልጅ ሲታሰርና ሲደበደብ።

ጸሐፊው ሐኪም ወዲያው መድኃኒት ያስጀምረዋል፣ ልጁ ዕድሜ ልኩን ይደነዝዛል ብለውም አስፈራርተዋል። የልጆች ሕክምና ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በንግግር ነው። ከልጁ ጋር መነጋገር፣ ወላጅን ማሠልጠን፣ ከትምህርት ቤት ጋር መነጋገር። የዓለም ጤና ድርጅት ስፔሻሊስት ላልሆኑ የጤና ባለሙያዎች ባወጣው መመሪያ ላይ ከ6 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች የድብርት መድኃኒት እንዳይሰጡ ይመክራል። መድኃኒት የሚያስፈልጋቸው ልጆች አሉ፤ እሱን የሚወስነውና የሚከታተለው ግን ባለሙያ ነው።

የት ይኬዳል ለሚለው፣ በቅርብ ባለው ጤና ጣቢያ መጀመር ይቻላል፤ ሪፈር ይጽፋሉ። እዚሁ ከተማ «ሪፈራል» የምንለው የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። አዲስ አበባ አማኑኤልም አለ፤ ግን ልጅ ተጨነቀ ብሎ በቀጥታ ወደ አማኑኤል መሮጥ አያስፈልግም። ስትሄዱ አንድ ወረቀት ላይ ጻፉ፦ ከመቼ ጀምሮ ነው፣ እንቅልፉ እንዴት ነው፣ ምግቡስ፣ ቤት ውስጥ ወይም ሰፈር ውስጥ በዚያ ሰሞን ምን ተፈጠረ፣ መምህሩ ምን አለ። ሐኪሙ ፊት ሲደርሱ ግማሹ ይረሳል። ለልጁ የት እንደምትወስዱት እውነቱን ንገሩት፤ «ክትባት ነው» ተብሎ የመጣ ልጅ አፉን አይከፍትም። ባለሙያው ልጁን ለብቻው ላናግረው ካለ ደግሞ አትከፉ። እናንተ ፊት የማይለው ነገር ይኖረዋል።

ስም መውጣት አለ፣ አልክድም። ሰፈር ያወራል። ግን ማን ያውቃል? ሐኪም ቤት መሄዳችሁን ለሰፈር ካልነገራችሁ ሰፈር ከየት ያመጣዋል?

ጸሐፊው በቅርቡ ሁለተኛ ክፍል እጽፋለሁ ብለዋል። በዱላው ላይ ገና እንከራከራለን፤ በስልኩ ላይም መሃል መንገድ የምንገናኝ ይመስለኛል። አንድ ነገር ግን ሁለተኛውን ክፍል ሳይጠብቁ ቢያርሙልኝ እለምናቸዋለሁ። ስለ ሞት የሚያወራን ልጅ አትጠይቁት ያሉትን አንቀጽ ያውጡት። ጽሑፉ አሁንም እየተላከ ነው፤ ትናንት ማታም ከአንድ ወላጅ ደርሶኛል።